በእናቴ መቀነት የመጡ ብሮች

እናቴ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የሐዘኑ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ እኔና ወንድሜ፣ እኅታችንም፣ ልብሷን ልናወጣ ቁም ሣጥኗን ከፈትን። ከታች ያረጀ መቀነቷ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሲያነሱት ይከብዳል። እኔ ምን እንዳለበት አውቃለሁ፤ ልጆቼ ግን አያውቁም ነበርና ጠረጴዛው ላይ ስፈታው ሁሉም ከበቡኝ። ሦስት ጠገራ ብር፣ አንድ የምኒልክ ብር፣ ሦስት የጃንሆይ ሽልንግ፣ ደግሞም ለብቻዋ በጨርቅ የተቋጠረች አንዲት ቀዳዳ ጠገራ። በጠቅላላው ስምንት።

ወንድ ልጄ "አባ፣ ይሸጥና እኩል እንካፈል" አለ። ሴት ልጄ "የለም፣ ለሙዜዮን ይሰጥ፣ የአያታችን ስም ይጻፍበት" አለች። ወንድሜ ዝም አለ። እኔም "ይቆይ" አልኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ቆየ። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ያላችሁ ብዙ ናችሁና፣ ምን እንደወሰንን፣ ለምንስ ይህን ያህል እንደዘገየሁ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ጠገራ ብር ምን እንደሆነ እወቁ። በአንድ ፊቱ ደረቷ ሞላ ያለ ሴት፣ በሌላው ፊቱ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለበት። ሴትዮዋ ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩም ላይ የተጻፈው ያው 1780 ነው። ከሞተችም በኋላ ዓመቱን ሳይለውጡ ማተሙን ቀጠሉ። ምክንያቱም የቀይ ባሕር ነጋዴና የኛ አገር ገበሬ ሌላ መልክ ያለው ብር ሲመጣለት አልቀበልም ይል ስለነበር ነው። ሰው የሴትዮዋን ጌጥ እያየ፣ የጌጡን ፍሬ እየቆጠረ፣ ካልጎላለት ይመልሰው ነበር። በኋላ ጣሊያን በሮም፣ እንግሊዝም በለንደንና በቦምቤይ ይህንኑ መልክ አተሙ። እንግዲህ 1780 የሚል ስላያችሁ ብቻ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት የቆየ ነው ብላችሁ አትጓጉ። ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። እኛ አገር ሚዛንም ነበር፤ ወርቅ የሚመዝን ሰው አንድ ወቄት የሚለው የአንድ ጠገራ ክብደት ነው።

ይህ ብር ወደ ደሃ ቤት ቶሎ አይገባም። አባቴ በደምቢያ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራል፤ ገበሬው ደግሞ በአዝመራ ጊዜ እህል ሰፍሮ ይከፍለዋል። ርስት የለንም፤ በሰው መሬት አርሰን ከምርቱ ለባለመሬቱ እናካፍላለን። ቀን ማረሻ ያሠራ ጎረቤት ማታ ቡዳ ይለናል። እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ ለትልቅ ሥራ ጠገራ ይመጣል። አያቴ ብሩን ከእንግዳ እጅ አይቀበሉም ነበር፤ ውሃ ያለበት ዕቃ ያቀርባሉ፣ ሰውየው እዚያ ውስጥ ይጥለዋል። ጡብ ሲል እስካሁን ይሰማኛል። ለዝርዝር አሞሌ ጨው ነበረ ይሉናል አባቶቻችን፤ ጠገራ ግን ለመሰንበቻ፣ ለሠርግና ለክፉ ቀን ነው።

በ1937 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ ገንዘብ አወጣ፤ ጠገራም ከገበያ እየወጣ ሄደ። ሽልንግ የምንለው 50 ሳንቲም ያን ጊዜ እውነተኛ ብር ነበረበት። ሰው ወረቀቱን እየከፈለ ሽልንጉንና ጠገራውን መሬት ቀብሮ ያስቀምጥ ነበር። አባቴም እንዲሁ አደረገ፤ ወናፉ ሥር ቀበረው።

የምኒልኩን ብር ግን ለብቻው ነው የማስበው። ምኒልክ በፓሪስ ያሠሩት ነው፤ የኔው በግዕዝ ቁጥር 1889 የሚል አለበት። እኔ በዚያን ጊዜ ቄሱ ዘንድ ኦሪት በግዕዝ እማር ነበር። አባቴ አንድ ቀን ብሩን አውጥቶ "አንብብ" አለኝ። ዙሪያውን እያዞርኩ "ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚለውን አነበብኩ። ከኦሪቱ ውጭ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸ ነው። "አባ፣ ይሁዳ እኮ የኛ ነው፤ ታዲያ ለምን ፈላሻ ይሉናል?" አልኩት። አባቴ ብሩን ከእጄ ወስዶ ወደ ጨርቁ መለሰውና "ማንበቡን ቀጥል" ብቻ አለኝ።

አባቴ በ1973 ዓ.ም. አረፈ፤ አፈሩ እዚያው ነው። በ1976 ዓ.ም. እኛ በሱዳን በኩል ወደ እየሩሳሌም ተነሣን። መውጣት ክልክል ስለነበር በሬ መሸጥ አይቻልም፤ የሚሸጥ ሰው ሊሄድ ነው ተብሎ ይያዛል። የደርግ ወረቀትም ድንበር ከተሻገሩ በኋላ ብዙ አይረባም። እናቴ ወናፉ ሥር ቆፍራ 20 ጠገራ አወጣች፤ ከምኒልኩና ከሽልንጎቹ ጋር መቀነቷ ውስጥ ሰፋችው።

ሂሳቡን ልንገራችሁ። ስምንቱን መንገድ መሪው ወሰደ። አራቱን ሽፍቶች ወሰዱ፤ ሌላው ሳይታያቸው ቀረ። ሦስቱን ገዳሪፍ ላይ አንድ አንጥረኛ በሚዛን ገዛን፤ ለታናሽ እኅቴ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ አልደረሰላትም፤ ኡምራኩባ ሰፈር ቀበርናት። በዚያ መንገድና በዚያ ሰፈር ወደ 4,000 የሚሆን ወገናችን እንዳለቀ ይነገራል፤ ለኔ ግን ቁጥሩ አንድ ነው። አምስት ጠገራ ይዘን፣ በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ እዚህ ገባን።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ ልምጣ።

ኡምራኩባ ሳለን ከጎናችን አንዲት የበለሳ ሴት ነበረች። ዘመዳችን አይደለችም። አንድ ልጇ፣ 15 ዓመት ያህል የሆነው፣ ከጎረምሶች ጋር ቀድሟት ሄዷል። በክረምቱ ታመመች። እንደማትተርፍ ባወቀች ጊዜ ከአንገቷ ጠገራዋን ፈትታ ለእናቴ ሰጠች። "አደራ፣ ልጄን ስታገኚው" አለቻት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። እኔ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እናቴ ያን ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ፈለገችው። በመርከዝ ክሊጣው ጠየቀች። በየዓመቱ ለሲግድ እየሩሳሌም ስንወጣ ከቀሶቹ ጥላ ሥር ሆና ያገኘችውን ሁሉ "ከበለሳ ነህ ወይ?" ትል ነበር። አላገኘችውም። ዛሬ ሳስበው ምክንያቱ ይገባኛል። እንደ ገባን ጸሐፊዎቹ ለብዙዎቻችን የዕብራይስጥ ስም ሰጡን፤ የአያታችንን ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም አደረጉት። እናቴ የምትጠራው ስም እዚህ አገር ባለቤት የሌለው ስም ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ለልጆቼም ነግሬ የማላውቀውን እጽፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የምሠራበት ፋብሪካ ተዘጋ። እናቴ "ሁለት ጠገራ ወስደህ ሽጥ፣ ልጆቹ አይራቡ" አለችኝ። እኔ ግን ቋጠሮውን እንዳለ ይዤ ቴልአቪቭ ወደ አንድ ሳንቲም ነጋዴ ሄድኩ። ሁለቱን ገዛኝ። ከዚያ እጄ ቀዳዳዋን አወጣች፤ ልዋሽ አልችልም፣ የማን እንደሆነች አውቃለሁ። ሰውየው በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። "የተበሳ አልፈልግም፣ ዋጋ የለውም" አለ። ዋጋ ቢኖራት ኖሮ ሸጬያት ነበር። ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ብሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። "ቀዳዳዋን አሳየኸው እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ በፍጹም" አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ለብቻዋ በጨርቅ የቋጠረቻት።

እንግዲህ ሦስት ዓመት ያዘገየኝ ይኸ ነው። ልጆቼ "እንካፈል" ሲሉ ስምንት ይቆጥራሉ፤ የኛ ግን ሰባት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ውስጥ አደራ የካደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛውን ይጨምራል የሚል ሕግ ተምሬያለሁ። ኦሪት ዘዳግምም የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ቤቱ እንዲያኖረው ያዛል። ልጅ ሆኜ በቃሌ የያዝኩት ነው። በቃል መያዝና መፈጸም ለየቅል መሆኑን ግን ያወቅሁት በዚያ ነጋዴ ሱቅ ነው።

ሌላም ነገር መጣ። የልጅ ልጄ ስለ ብሩ ስታነብ ቆይታ አንድ ቀን ተናዳ መጣች። "ሳባ፣ ይቺ ንግሥት እኮ እ.ኤ.አ. በ1744 የፕራግን አይሁድ ከቤታቸው እንዲባረሩ ያዘዘች ናት! ከአራት ዓመት በኋላ ነው ከባድ ግብር ጭና እንዲመለሱ የፈቀደችው። ምን ያደርግልናል ፊቷ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ አላውቅም ነበር። ብዙ ካሰብኩ በኋላ እንዲህ አልኳት፦ "ልጄ፣ ነገደ ይሁዳ ብለው ብራቸው ላይ ያጻፉት ነገሥታትም እኛን ያለ ርስት ነው ያኖሩን። ፊቱ በደለኛ የሆነውን ሁሉ ከጣልን ቋጠሮው ባዶ ይሆናል። አያቴ ብሩን ውሃ ውስጥ አስጥለው ነው የተቀበሉት። እኛም ታሪኩን አውቀን እንቀበለው።" አልተዋጠላትም መሰለኝ፤ ግን የምኒልኩን አንስታ "ይኸስ ምን ይላል?" አለችኝ።

ውሳኔያችን ይኸው ነው። ሦስቱ ጠገራ ለሦስታችን፣ ለየቤታችን አንድ አንድ ደርሷል። ወንድ ልጄ የኔን ድርሻ ስወርሰው ልሽጠው ቢል አልቆጣውም፤ አባቴም የቀበረው ለክፉ ቀን ነው። የምኒልኩ ብር ሊከፈል አይችልምና፣ የልጅ ልጄ ዙሪያውን ራሷ በግዕዝ ባነበበች ቀን የሷ ይሆናል፤ ቁጥሩን ጨርሳለች፣ ፊደሉ ላይ ናት። ሽልንጎቹም አንድ አንድ ደረሱን። የኔ የደረሰኝን ሽልንግ ግን ከቀዳዳዋ ጠገራ ጋር አብሬ ቋጥሬያታለሁ። መዘንኩት፤ ከአምስተኛው አይጎድልም።

ከናንተ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ በቤታችሁ ያለውን ብር አትፈትጉት፤ ሲታጠብና ሲወለወል ዋጋውንም መልኩንም ያጣል። ከዋጋው በፊት ደግሞ ከማን እጅ እንደመጣ፣ የጎደለውም የት እንደጎደለ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የሚነግራችሁ ሰው ሳያልፍ።

ሁለተኛ፣ አባቶቻችሁን እዚህ ሳይገቡ በፊት ማን ይባሉ እንደነበር ጠይቋቸው። ከበለሳ ተነሥቶ፣ እናቱን ከኋላ ትቶ በ1976 ዓ.ም. ሱዳን የገባ፣ ዛሬ 55 ዓመት ያለፈው አባት ካላችሁ፣ እናቱን ኡምራኩባ ማን እንደቀበራት ሳያውቅ ኖሮ ይሆናል። እኔ አውቃለሁ፤ ቦታውንም ልነግረው እችላለሁ። የሴትዮዋንና የልጁን ስም፣ ጠገራዋ የታሰረችበትንም ነገር እዚህ ያልጻፍኩት አውቄ ነው፤ ባለቤቱ ምልክቱን ራሱ ይንገረኝ። ይህን መጽሐፍ ያሰባሰቡት ሰዎች ቤቴን ያውቁታል።

እኔ ሳላገኘው ካለፍኩ ቋጠሮው ወደ ልጄ ይተላለፋል። በላዩ ላይ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፌበታለሁ፦ የኛ አይደለም።