የሎጋሪዝም አመጣጥና በአርቢነት የተቀመጠ ቁጥር ፍለጋ

እንደሚታወቀው፣ በሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መማሪያ መጻሕፍት ሎጋሪዝም የሚተዋወቀው ከአርቢ በኋላ ነው። መጽሐፉ በቅድሚያ 2 ሦስት ጊዜ ተወስዶ ሲባዛ 8 እንደሚሆን፣ 3ም አርቢ እንደሚባል ያስረዳል፤ ቀጥሎም በመሠረት 2 የ8 ሎጋሪዝም 3 ነው ይላል። ከዚያም ያልታወቀው ቁጥር በአርቢነት የተቀመጠበት እኩልታ ይቀርብና ተማሪው የግራና የቀኙን ሎጋሪዝም እንዲወስድ ይታዘዛል። ይታዘዛል ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተማሪው «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የዚያው ደንብ ድጋሚ ንባብ ነው። ታሪኩን ስንመለከት ግን ነገሩ የተጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ሆኖ እናገኘዋለን።

የስኮትላንዱ ባላባት ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 የሎጋሪዝም ሠንጠረዡን በኤዲንብራ ሲያሳትም፣ ዛሬ የምንጽፈው የአርቢ ምልክት ገና አልተለመደም ነበር፤ ምልክቱ የተስፋፋው ዴካርት በ1637 ባወጣው የጂኦሜትሪ ሥራ አማካይነት ነው። ኔፒየርን ያነሣሣው እኩልታ ሳይሆን ድካም ነበር። የዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ብዙ አሃዝ ያላቸውን ቁጥሮች በእጅ ሲያባዙና ሲያካፍሉ ይውሉ ስለነበር፣ ማባዛትን ወደ መደመር፣ ማካፈልንም ወደ መቀነስ የሚለውጥ ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት 20 ዓመት ያህል ደከመ። ሐሳቡንም የገለጸው በሁለት ተንቀሳቃሽ ነጥቦች ነው፤ አንደኛው ፍጥነቱን ሳይለውጥ ይጓዛል፣ የሁለተኛው ፍጥነት ግን የቀረው ርቀት ባነሰ መጠን ያንሳል። መሠረት የሚባል ነገር በዚህ ውስጥ የለም። የ10,000,000 ሎጋሪዝም ዜሮ ነበር፤ ይህም ለዛሬ ተማሪ እንግዳ ነው። በፕራግ ይሠራ የነበረው የሰዓት ባለሙያ ዮስት ቡርጊም ተመሳሳይ ሠንጠረዥ በራሱ መንገድ አዘጋጅቶ በ1620 አሳትሟል።

በለንደን የግሬሻም ኮሌጅ መምህር የነበረው ሄንሪ ብሪግስ በ1615 ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ከኔፒየር ጋር ተወያየ። የ1 ሎጋሪዝም ዜሮ፣ የ10 ሎጋሪዝም ደግሞ 1 እንዲሆን የታሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ብሪግስ በ1617 እስከ 1,000 ያሉትን፣ በ1624 ደግሞ የ30,000 ቁጥሮችን ሎጋሪዝም እስከ 14 የአሥርዮሽ ቦታ ድረስ አወጣ፤ በ20,000ና በ90,000 መካከል የቀረውን ክፍተት ሆላንዳዊው አድሪያን ቭላክ በ1628 ሞላው። በየትምህርት ቤቱ እናገላብጣቸው የነበሩት የአራት አሃዝ ሠንጠረዦች የዚህ ሥራ የልጅ ልጆች ናቸው።

ሎጋሪዝምንና አርቢን በግልጽ አጋብቶ ለትምህርት ያበቃው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ፍንጩን ያሳዩ ሰዎች ከእርሱ በፊት ቢኖሩም፣ በ1748 በሎዛን በታተመው የትንተና መግቢያ መጽሐፉ ሎጋሪዝም አርቢ መሆኑን ትርጓሜው አድርጎ አስቀመጠ። ከዚሁ ጋር ያቀረባቸው ምሳሌዎች ለዕቅድ ባለሙያ እንግዳ አይሆኑም፤ የአንድ አገር ሕዝብ በየመቶ ዓመቱ እጥፍ ቢሆን የዓመቱ ጭማሪ ስንት እንደሆነ ይጠይቅና ከ144 እጅ አንድ እጅ ግድም መሆኑን ያሳያል።

ለክፍል ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተበዳሪው ምሳሌ ነው። አንድ ሰው 400,000 ፍሎሪን በዓመት 5 በመቶ ወለድ ተበድሮ በየዓመቱ መጨረሻ 25,000 ይከፍላል፤ ዕዳው በስንት ዓመት ያልቃል? የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 20,000 ስለሆነ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 5,000 ብቻ ነው። ነገር ግን ዕዳው ባነሰ ቁጥር ወለዱም ስለሚያንስ፣ ከዋናው ላይ የሚቀነሰው ገንዘብ በየዓመቱ በ1.05 እየተባዛ ያድጋል። ሂሳቡ ተስተካክሎ ሲጻፍ፣ 1.05 በስንት አርቢ 5 ይሆናል? ወደሚል ጥያቄ ይደርሳል። ሎጋሪዝም የማያውቅ ሰው 1.05ን ደጋግሞ እያባዛ 5 እስኪሞላ መቁጠር ይኖርበታል። ማባዛቱ ወደ መደመር ሲለወጥ ግን የ1.05 ሎጋሪዝም፣ ማለትም 0.0211893፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይደመራል ማለት ነው፤ ዓመቱም ከአርቢነት ወርዶ ተራ ማባዣ ይሆናል። የ5 ሎጋሪዝም 0.6989700 ስለሆነ፣ ይህን ለዚያ ስናካፍል 32.987 እናገኛለን። «የሁለቱን ወገን ሎጋሪዝም ውሰድ» የሚለው ትእዛዝ ምክንያቱ ይኸው የኔፒየር የድካም ማቃለያ ነው።

ዛሬ ሠንጠረዡ ቀርቶ መልሱ ከማስሊያ መሣሪያ በቅጽበት ይገኛል፤ ተማሪውም 32.987 ብሎ ጽፎ እርሳሱን ያስቀምጣል። እኛ እንደምናስበው ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ 0.987 የሚባል የክፍያ ቀን የለም፤ ተበዳሪው 33ኛውን ክፍያ መፈጸም አለበት፤ በዚያን ቀንም 25,000 ሙሉ ቢከፍል ወደ 319 ፍሎሪን የሚመለስለት እርሱ ነው።