በሬውና ውሻው በከብት ሐኪም ደጅ

ሀ. መግቢያ

ማለዳ ከከብት ሕክምና ጣቢያ ደጅ የቆመ ሰው የአገራችንን ኑሮ በአጭሩ ሊያይ ይችላል። ወተቷ የቀነሰባት ላም በገመድ ተስባ ትመጣለች፤ ጀርባው የተላጠ የጭነት አህያ፣ የሚያነክስ የጋሪ ፈረስ፣ ሆዱ የተነፋ በግ ይከተላሉ። ከሁሉ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በዘበኛ ወይም በልጅ እጅ ተይዞ፣ ውሻ ይመጣል። የላሚቱ ባለቤት ሐኪሙ ገና ሳይጠይቀው ዕድሜዋን፣ የወለደችበትን ወር፣ ትናንት የበላችውን ሁሉ ይናገራል። የውሻው ነገር ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ «ተከትቧል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይዞት የመጣው ሰው «እኔ እንጃ፤ የግቢው ውሻ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ አጭር መልስ ነው። ላሚቱ የሰው ናት፤ ውሻው ግን የግቢ ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ የሁለት በሽታዎች ታሪክ ተሰውሮ እንደሚገኝ ለማሳየት እንሞክራለን። አንደኛው በሬውን የፈጀው «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ነው፤ እርሱ ዛሬ ከምድረ ገጽ ጠፍቷል። ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ይህ ግን ክትባቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ዛሬም ልጆቻችንን ይገድላል። ስለ ምን አንዱ ጠፋ፣ ሌላው ቀረ? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ለ. ስለ በሬው

የከብት ሕክምና በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በፈረንሣይ አገር በሊዮን ከተማ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱም በ1762 በክሎድ ቡርዥላ መሪነት ተከፈተ። ቡርዥላ አስቀድሞ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበረ። መንግሥቱም ገንዘብ የፈቀደለት ስለ ውሻና ስለ ድመት አዝኖ ሳይሆን፣ በዚያ ዘመን በኤውሮፓ የነበረው የከብት ዕልቂት ገበሬውን ስላደኸየና ፈረስም ለጦር ሠራዊቱ ዋና ነገር ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ የከብት ሐኪም ከመጀመሪያው የበሬና የፈረስ ሐኪም ሆኖ ተወለደ ማለት ነው።

በአገራችንም ነገሩ ከዚህ አልራቀም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ቤት ፈረሱንና በቅሎውን የሚጠብቅ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረ። ገበሬውና ዘላኑም የከብቱን በሽታ በስሙ ለይቶ ያውቃል፤ በእሳት ይተኩሳል፣ ያገማል፣ ቅጠል ቀጥቅጦ ያጠጣል። ለውሻ የተሾመ ሹም ግን አልነበረም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ እውቀት በ1887 የደረሰውን መዓት ሊመልሰው አልቻለም። የኢጣልያ ጦር ወደ ምጽዋ ካስመጣቸው ከብቶች ጋራ «ደስታ» ገባ፤ ከዚያም ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ ከአገሪቱ ከብትም ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበትና እስከ 1892 ድረስ የቆየው፣ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው ረኀብ ሆነ። ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተመዝግቧል።

እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበት አገር ስለ በሬው ክትባት መከራከር አላስፈለገውም። በ1964 በደብረ ዘይት የከብት ክትባት የሚያዘጋጅ ተቋም ተመሠረተ፤ በ1979 ደግሞ በዚያው ከተማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የከብት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። በሽታው በመጨረሻ ተሸሽጎባቸው ከነበሩት ቦታዎች አንዱ የአፋር ቆላ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት ስለ ተገኘ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ተምረው መንጋቸውን ራሳቸው ከተቡ። በ2011 «ደስታ» ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ተነገረ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ልንይዘው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ክትባቱን ሐኪም ሠራው፤ ወደ በረቱ ያደረሰው ግን ባለከብቱ ነው። ባለቤት ባይኖር መድኃኒቱ ከማቀዝቀዣው ባልወጣም ነበር።

ሐ. ስለ ውሻው

ውሻ በቤታችን ያለው ቦታ ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ ወገን ታማኝ ነው፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ሌሊት ጅብን ከበረት፣ ሌባን ከአጥር የሚመልስ እርሱ ነው። በሌላ ወገን ርኩስ ነው ይባላል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ ይባረራል፤ ሰውን ለመስደብም ስሙ ይጠራል። ትርፍራፊ ይጣልለታል እንጂ ምግብ አይሠራለትም። በእቅፍ የሚያዝ ውሻ ለብዙ ጊዜ የቤተ መንግሥትና የውጭ አገር ሰዎች ነገር ሆኖ ቆይቷል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ ስሟ የታወቀውም እንግዳ ነገር ስለ ነበረች ነው። በቅርብ ዘመን ግን በከተሞቻችን ውሻን ከቤት አስገብቶ የሚያሳድግና የሚያሳክም ቤተ ሰብ እየበዛ ሄዷል።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ መነሣቱ፣ በ1903 ደግሞ በአዲስ አበባ መታየቱ ተጽፎ ይገኛል። በየመጽሐፈ መድኃኒቱም ለእብድ ውሻ ንክሻ የሚሆን መድኃኒት መኖሩ ሕመሙ አብሮን የኖረ ለመሆኑ ምስክር ነው። ባለመድኃኒቶች የእንዶድ ሥር፣ የሰንሰል ቅጠልና ብሳና ይሰጣሉ፤ ሌላው ደግሞ ወደ ጠበል ይሄዳል።

ስለ እነዚህ ባለመድኃኒቶች ስንናገር መፍረድ ብቻ ሳይሆን መመርመርም ይገባናል። ብዙ ሰው «እኔ በእርሳቸው መድኃኒት ድኛለሁ» ብሎ ሲመሰክር ይሰማል፤ ምስክሩም አይዋሽም። ነገር ግን የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እብድ ውሻ የነከሰውም ሰው ሁሉ አይታመምም። ደግሞም በሽታው ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ያህል ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ባለመድኃኒቱ ሳይታመም የሚቀረውን ሰው «አዳንሁት» ሊል ይችላል፤ የታመመው ደግሞ ከወራት በኋላ በቤቱ ስለሚሞት ከመድኃኒቱ ጋራ የሚያያይዘው የለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን፣ ማለት ውሃ መፍራትና መወራጨት ከጀመረ በኋላ፣ በሽተኛው አይድንም ማለት ይቻላል። እንዶድም ራሱ በብዛት ቢጠጣ የሚመርዝ ተክል ነው።

ሉዊ ፓስተር በሐምሌ ወር 1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ዦዜፍ ሜይስተርን፣ በክትባት ካዳነ በኋላ የሰው ሕክምና መንገዱ ተከፈተ። በአገራችንም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የፓስተር ኢንስቲቱት ተቋቁሞ ነበር፤ እርሱን በተኩት ተቋሞችም ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ለብዙ ዓመታት ሲዘጋጅ ኖሯል። የተነከሰው ሰው ሆዱ ላይ በየቀኑ መርፌ እየተወጋ ሁለት ሳምንት ያህል መመላለስ ነበረበት። ከሩቅ አገር ለመጣ ድኻ ይህ የእንጀራም የማደሪያም ጭንቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ክትባት ቀርቶ በአዲሱ ዓይነት እንዲተካ መክሯል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የተነከሰውን ማዳን እንጂ ንክሻውን ማስቀረት አይደለም።

መ. ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

የውሻን ጥፋት በባለቤቱ ላይ መጣል እጅግ ጥንታዊ ሐሳብ ነው። በመስጴጦምያ የነበረችው የኤሽኑና ከተማ ሕግ፣ ከ3,700 ዓመት በፊት የተጻፈው፣ ውሻው ማበዱ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ሰው ውሻው ሌላውን ነክሶ ቢገድል 40 ሰቅል ብር ይክፈል ይላል። የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ2071ኛው አንቀጽ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ከዚያች ጥንታዊት ከተማ እስከ እኛ ድረስ ሕጉ የሚጠይቀው ያው አንዱን ጥያቄ ነው፤ «ውሻው የማን ነው?»

እንግሊዞች የውሻ ክትባት ገና ሳይኖር በ1902 በሽታውን ከአገራቸው አጠፉ። ያጠፉትም ውሻ ሁሉ አፉ ታስሮ እንዲወጣ በማዘዝ፣ ባለቤት የሌለውንም በመያዝ፣ ከውጭ የሚገባውንም ለይቶ በማቆየት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በ1918 እንደ ገና ቢገባባቸው በ1922 ዳግመኛ አጠፉት። ጃፓኖች ደግሞ በ1950 ባወጡት ሕግ ውሻ ሁሉ እንዲመዘገብና እንዲከተብ አደረጉ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ፣ በ1957፣ በሽታው ከአገራቸው ጠፋ። ያን ጊዜ ጃፓን ከጦርነት የወጣች የተጎሳቆለች አገር እንጂ እንደ ዛሬው ባለጸጋ አልነበረችም።

በእኛ ከተሞችና በሌሎችም ዘንድ ብዙ ጊዜ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነበር፤ ይኸውም መርዝ በሥጋ አድርጎ ውሻን በጅምላ መግደል ነው። ይህ ሥራ ለዓይን የሚያስቀይም መሆኑ ብቻ ሳይሆን ጥቅሙም ጥቂት ነው። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይመጣበታል። የተከተበውም ውሻ አብሮ ስለሚሞት ለክትባት የወጣው ገንዘብ ይባክናል። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሰው ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ ድረስ ያለው ከውሻ የመጣ ስለ ሆነ ውሻን መከተብ ሰውን መከተብ ነው።

ጉዳቱም በሰው ብቻ አይቆምም። በዓለም ላይ በአገራችን ብቻ የሚገኘው፣ ቁጥሩም ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003ና በ2008 በዚህ በሽታ አልቋል። በሽታውን ያመጡበት ከብት ጠባቂዎችን ተከትለው የወጡ ውሾች ናቸው።

ሠ. የሐኪሙ ምክር

እንግዲህ ወደ ጣቢያው ደጅ እንመለስ። ከብት ሐኪሙ ውሻ ይዞ ለመጣው ሰው የሚሰጠው ምክር ጥቂትና ቀላል ነው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይከተብ፤ ሐኪሙ በሚወስነው ቀንም ይደገምለት፤ ወረቀቱም በቤት ይቀመጥ። የሆድ ትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጠው። ስለዚሁ ነገር አንድ ልማዳችንን መንቀፍ ይገባናል። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ በግ ስናርድ፣ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ስናገኝ «ለውሻው ጣልለት» እንላለን። በዚያ እባጭ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው ሆድ ያድጋል፤ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጆች እጅና በጎመኑ ላይ ተመልሶ ወደ እኛ ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥጋ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ለውሻ አይጣል።

ውሻው ጠባዩ በድንገት ቢለወጥ፣ ልጋጉ ቢዝረበረብ፣ መንጋጋው ቢወድቅ፣ ያገኘውን ቢናከስ፣ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅን በአፉ መክተት አይገባም። ብዙ ሰው የተነካው በዚህ ቸርነት ነው። ሰው ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ፤ በሕይወት ከቆየ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ዳሩ ግን የሰውየው ሕክምና ውሻውን እየጠበቀ አይዘገይም። ለልጆችም መንገር ያሻል፤ የሚበላን ወይም ቡችላ የምታጠባን ውሻ እንዳይነኩ፣ ቢነከሱም ቁጣ ፈርተው እንዳይደብቁ። በበሽታው ከሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸውና ልጅ የደበቀው ጭረት ቤተ ሰብን ያስለቅሳል።

ረ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ሁለቱን በሽታዎች የለያቸው የሳይንስ ማነስ አይደለም። ለውሻ የሚሆን ክትባት ለ«ደስታ» መጥፊያ ከሆነው ክትባት በፊት ተገኝቷል። የለያቸው ባለቤትነት ነው። በሬ ሲሞት የሚያለቅስለት፣ ዋጋውን የሚቆጥር፣ ወደ ክትባቱ ቦታ የሚነዳው ሰው አለው። ውሻ ግን የሁሉ ሆኖ የማንም ስላልሆነ፣ ክትባቱ በደጅ እያለ የሚያደርሰው አጥቶ ቆይቷል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ዋጋ የለውም የተባለው ውሻ የሚያስከፍለን ዋጋ ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ ከውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት እስከ 2030 ለማስቀረት አሳብ አውጥተዋል። አሳቡ ይሳካ ዘንድ ለየውሻው ክትባት ብቻ ሳይሆን ስምም ያስፈልጋል፤ ቡቺ ወይም አንበሳ የሚለውን ስም ብቻ ሳይሆን የጌታውን ስም ጭምር። ሐኪሙ «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «የግቢው ነው» በማለት ፈንታ «የእኔ ነው» የሚል ሰው የበዛ ዕለት፣ በሬውን ያዳነው ታሪክ ለውሻውም፣ በውሻውም በኩል ለልጆቻችን ይደገማል ብለን እናምናለን።