ሐረር እና ሆለታ፦ መኮንን ማን ይሁን?

በ1950 ዓ.ም. ሐረር ላይ የጦር አካዳሚ ሲከፈት በሩ ጠባብ ነበር። የሚፈለገው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰና ጥሩ ውጤት ያመጣ ወጣት ነው። አሠልጣኞቹ ከህንድ ጦር የመጡ መኮንኖች ነበሩ፤ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከወታደራዊው ትምህርት ጎን ለጎን ቀለሙም ይሰጣል።

የሆለታ በር ሌላ ነው። በ1927 ዓ.ም. ስዊድናውያን ሲያቋቁሙት እሱም የተማሩ ልጆችን ነበር የሰበሰበው። ጣሊያን ሲወር ኮርሱን ሳይጨርሱ ከዘመቱት አንዳንዶቹ ነቀምት ላይ የጥቁር አንበሳን ጦር አቋቁመዋል። ከነጻነት በኋላ ግን፣ በተለይ ሐረር ከተከፈተ ወዲህ፣ ሆለታ ይበልጥ የታወቀው በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገሉ የበታች ሹሞችን በአጭር ኮርስ መኮንን በማድረግ ነው።

በአንድ የመኮንኖች ክበብ ሁለት ዓይነት መቶ አለቃ ተገናኘ። የሐረሩ የሆለታውን በትምህርቱ ይንቀዋል። የሆለታው ደግሞ ጠመንጃ ተሸክሞ ሳያድር ትከሻው ላይ ኮከብ የተጫነለትን ልጅ በሙሉ ልቡ አያከብርም። ንቀቱ ተራ የሰፈር ፉክክር ይመስል ነበር።

1966 መጣ። ደርግ ሲቋቋም ከየጦር ክፍሉ የተላኩት 120 ገደማ ተወካዮች ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ነበሩ። ከእነሱ መሃል ሥልጣኑን ጠቅልለው የያዙት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በልጅነታቸው ወታደር ቤት ገብተው በሆለታ በኩል መኮንን የሆኑ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ሊቀመንበር የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ሆለታ ነው የተማሩት። ወታደር እንዲወክለው ሲጠየቅ ችግሩን የሚያውቅለትን፣ በቋንቋው የሚያናግረውን ይልካል። ይህን ችሎታ የሐረር መግቢያ ፈተና አይለካም ነበር።

ታዲያ የሆለታ መመዘኛ በለጠ ማለት ነው? እዚህ ላይ የሚቸኩሉ አሉ። ወታደር መርጦ መላኩ አንድ ነገር ነው፣ ጦር መምራት ሌላ። በ1969 ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ሲገባ ካርታ አንብቦ ብርጌድ የሚያንቀሳቅስ፣ ስንቅና ጥይት በሰዓቱ የሚያደርስ መኮንን ተፈለገ፤ ያን ጊዜ የአካዳሚው ሦስት ዓመት ዋጋ ነበረው። ግን የተማረው መኮንን አለቃውን መጠየቅም ይችላል። ግንቦት 8 ቀን 1981 በመንግሥቱ ላይ ከተነሱት ጄኔራሎች መካከል የሐረር ምሩቃን ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመት 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ።

አካዳሚው ቀደም ብሎ በዚያው በደርግ ዘመን ተዘግቶ ነበር። ሆለታ ዛሬም መኮንን ያሠለጥናል።