የአበበ ቢቂላ ልብና ነርቮቹ

ከነፋስ ስልክ ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ በኩል፣ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ አርፏል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲቀበር አፄ ኃይለ ሥላሴን ጨምሮ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ሸኝቶታል። ስለ እግሮቹ ያልተባለ የለም። ልቡን ስለሚያዙት ነርቮች ግን እምብዛም አይወራም፤ የድሉም የመከራውም ታሪክ ያለ እነሱ ጎደሎ ነው።

ልብ ያለ ነርቭ ለብቻው ቢተው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታል። የሚያረጋጋው ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል የሚወርደው የቫገስ ነርቭ ነው። የሚያጣድፉት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ደግሞ ደረት ላይ ከኅብለ ሰረሰር ይወጣሉ። ለዓመታት የሮጠ ሰው ልቡ ይሰፋል፣ የቫገስ ጉልበትም ይበረታል፤ ስለዚህ የብዙ ሯጮች የልብ ትርታ ሲያርፉ ከ50 በታች ይወርዳል።

የክቡር ዘበኛው ወታደር ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሠለጥን ኖሮ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ድል አደረገ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ገባ። ተከታዮቹ ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲደርሱ እሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። ሩጫው እንዳበቃ ቫገስ ልጓሙን መልሶ ይይዛል፤ በሠለጠነ ልብ ላይ ደግሞ ይህ ፈጥኖ ይሆናል።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ እጅና እግሩ አልታዘዝ ያለው አበበ ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

የሆስፒታሉን የአከርካሪ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 የመሠረተው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን፣ ከዴቪድ ዊተሪጅ ጋር እ.ኤ.አ. በ1947 አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳትሞ ነበር። ኅብለ ሰረሰሩ ከደረት አጋማሽ በላይ የተጎዳ ሰው የሽንት ፊኛው ሲሞላ የደም ግፊቱ በድንገት ይንራል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል። አንጎል የግፊቱን መናር ያውቃል። የጠበቡትን የደም ሥሮች ለማላላት ግን ትእዛዙ የሚወርድበት መንገድ ተቆርጧል፤ የቀረው ቫገስ ስለሆነ ልብን ብቻ ያዘገያል። ግፊቱ ካልበረደ የአንጎል ደም ሥር እስከመፈንዳት ይደርሳል።

አበበ በዚያ ስምንት ወር ታከመ፣ እጆቹ ዳኑለት፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል ውድድር ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ።

ኅብለ ሰረሰሩ እንዲህ የተጎዳ ሕመምተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ ድንገተኛ ራስ ምታትና ላብ ሲያይ ቀና አድርጎ ሊያስቀምጠው፣ የጠበቀ ልብሱን ሊያላላለት፣ የሽንት ቱቦው ታጥፎ ወይም ተዘግቶ እንደሆነ ሊያይለትና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ሊያደርሰው ይገባል።