መምህሩንስ ማን አስተማረው?

ደባርቅ ላይ እንግሊዝኛ የሚለመደው መንገድ ላይ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከተማዋ የፈረንጅ መግቢያ በር ሆናለች፤ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ጫኙ ሁሉ እንደየአቅሙ ያንበለብለዋል። ሰዋስው አትጠይቁት እንጂ በዋጋ ክርክር ማንም አይችለውም! ከደባርቅ ወጥታችሁ ጣልያን የቀደደውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ዛሪማን አልፋችሁ አዲ አርቃይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። አልፎ አልፎ ተራራውን በእግሩ አቋርጦ ከሚወርድ ተጓዥ በቀር ፈረንጁ ላይ ቀርቷል። እዚህ እንግሊዝኛ ማለት ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፤ የሚጽፈውም መምህሩ ነው። እናም የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው፦ መምህሩንስ ማን አስተማረው?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እንግሊዝኛ አገራችን ሲገባ ቀዳሚ አልነበረም። በምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 በተከፈተው ተፈሪ መኮንን ፈረንሳይኛ ሚዛን ይደፋ ነበር። ሚዛኑን የገለበጠው ጦርነት ነው። በ1933 ጣልያን በእንግሊዞች አጋዥነት ሲባረር እንግሊዝኛ ከጦሩ ጋር ገብቶ በዚያው ቀረ። ብሪቲሽ ካውንስል መጣ፣ በ1938 ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ መጽሐፉም አማካሪውም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነ። በ1955 የትምህርት ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ከ270 የሚበልጡ ወጣቶችን በአንድ ጊዜ ላከልን። መሪያቸው ኋላ በአገሩ ሴናተር የሆነው ሃሪስ ዎፎርድ ነበር። አባቶቻችን እነዚህን ልጆች ዛሬም በስም እየጠሩ ያነሷቸዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ የመጡት ተማሪ ሊያስተምሩ እንጂ በእግራቸው የሚተካ መምህር ሊያፈሩ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት መስጫ ሆኖ ቀጠለ። ልጁ እስከ 6ኛ በአማርኛ ሲያስብ ኖሮ በአንድ ክረምት ሒሳቡም ሳይንሱም ቋንቋ ይለውጥበታል። ለሰሜን ሰው ገደል ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

በደርግ ዘመን ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ተማሪው በዛ። በ1978 ገደማ ስቶዳርት የተባለ ባለሙያ ሁኔታውን አጥንቶ የደረሰበት ድምዳሜ መራራ ነበር፦ እንግሊዝኛ ትምህርት ማስተላለፊያ መሆኑ ቀርቶ የትምህርት እንቅፋት ሆኗል። መድኃኒቱ ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ደነገገ! ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ስለሚያስተምር፣ በገጠር ቀበሌ ያለ መምህር ሁሉ በአንድ ጀምበር የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ። ራሱ ግን ቋንቋውን ከሰሌዳ ላይ ነበር የተማረው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ፕሮግራም የተጀመረው ለዚህ ነው። አሠራሩ እንደ ፏፏቴ ነበር። ከመምህራን ማሰልጠኛ ተቋማት የተመረጡ ሰዎች «ቁልፍ የእንግሊዝኛ አሰልጣኝ» ተብለው ይሰለጥናሉ፤ እነሱ ወደየክልላቸው ተመልሰው መምህራኑን 120 ሰዓት ፊት ለፊት ያሰለጥናሉ፤ 80 ሰዓቱን መምህሩ ትምህርት ቤቱ ሆኖ በራሱ ይጨርሳል። ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ፏፏቴ ግን ከላይ ሲነሳ ወንዝ፣ ከታች ሲደርስ ጉም ነው።

እኛን በጣም የሳበን የአሰልጣኙ ሥራ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠበቅበታል፤ የመምህሩን የራሱን እንግሊዝኛ ማቃናትና እንዴት እንደሚያስተምር ማሳየት። ሃያ ዓመት ያስተማረን፣ መንደሩ ቆሞ «ጋሼ» የሚለውን ሰው «እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ይበሉት» ማለት ቀላል መሰላችሁ? አፉን ዘግቶ ይውላል እንጂ በባልደረቦቹ ፊት ተሳስቶ መሳቂያ አይሆንም። አሰልጣኝ መሆን እንግዲህ ከሰዋስው በፊት ይህን ዝምታ መስበር ነው።

የሚገርመው ጎንደር ይህን ጥበብ ከጥንት ታውቀዋለች። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መምህር የሚሆነው ሰው የሚመሰክርበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ድጓ ከሆነ ቤተ ልሔም፣ አቋቋም ከሆነ ጎንደር በዓታ። ደቀ መዝሙሩ ዓመታት ፈጅቶ፣ ከእሱ በታች ላሉት እያስቀጸለ፣ በመጨረሻ ብቁ መሆኑ ተመስክሮለት ወንበር ይዘረጋል። መማርና ማስተማር የተለያዩ አልነበሩም። ይህን ከ120 ሰዓት ጋር ማወዳደር ግፍ ነው ትሉ ይሆናል፤ እኛ ግን አወዳደርነው።

መንግሥትም ፏፏቴውን አልጠበቀም። በ1997 ፕላዝማ መጣ። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚወርደው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ መልስ ሳይሰማ «በጣም ጥሩ» እያለ ያልፍ ነበር። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ ሥራው ይመለስለታል። በ1999 ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። ለእንግሊዝኛ ያ ሁሉ ገንዘብ ሲፈስ ነው እንግዲህ!

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት አዲ አርቃይ ደርሶ ለወራት ቆየ፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አንልም። ፈተናው ግን፣ ታሪኩ ሳይቀር፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ የአዲ አርቃይ ልጅ ስለ ጎንደር ነገሥታት ሲጠየቅ የሚጠየቀው በዚያው መምህሩ ከሰሌዳ በተማረው ቋንቋ ነው።