የጎጀብ ሸለቆ ውኃና የድንጋይ ከሰል

የከፋ ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚወሳው ቡናው ነው። ይሁን እንጂ ቡናው የደኑ ጥላ፣ ደኑም የምንጮቹ ጠባቂ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከቦንጋ ዙሪያ ከፍታዎች የሚፈልቁት ወንዞች ገሚሶቹ በጎጀብ በኩል ወደ ኦሞ ይወርዳሉ፤ በምዕራቡ ወገን ያሉት ደግሞ ወደ ባሮና አኮቦ ያዘነብላሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከሚያጠራቅመው ውኃ ከፊሉ የጎጀብ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሸለቆዎች የሚደርስ ጉዳት በከፋ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም።

ጎጀብ ለጥንቱ የከፋ መንግሥት የሰሜን ድንበርና ምሽግ ነበር። ወንዝ በሌለበት ወሰን ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ በአጥርና በበር ይጠበቅ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ዘምቶ የንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ መንግሥት ካከተመ በኋላም፣ የአገሬው የደን አያያዝ ሥርዓት ፈጽሞ አልጠፋም። «ኮቦ» በሚባለው ልማድ እያንዳንዱ የደን ክልል ማርና ቡና የሚለቅምበት፣ የሚጠብቀውም ባለቤት ነበረው። ሥርዓቱ ስለ ውኃ የወጣ ሕግ ባይሆንም ደኑን በመጠበቁ ምንጩን ጠብቋል።

ለዚህ ውኃ አዲስ ሥጋት ሊሆን የሚችለው ከመሬት በታች ያለው ሀብት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የድንጋይ ከሰል የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ በወጡ የጥቁር ድንጋይ ንጣፎች መካከል በተቀመጠ ደለል ውስጥ ነው። በጅማ በኩል ደልቢና ሞዬ፣ በኢሉባቦር ያዩ፣ ከዚያም ዳውሮና ኮንታ በዚሁ የሚታወቁ ናቸው። ከሰሉን ከላይ ገልጦ ለማውጣት ደኑ ይመነጠራል፤ አፈሩም ይነሣል። ምንጮችን የሚመግበው የከርሰ ምድር ውኃ በቁፋሮው ሲቆረጥ ምንጩ ይደርቃል። በከሰሉና በአካባቢው ድንጋይ የሚገኘው የብረትና የድኝ ውሑድ አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል። በዝናብ የታጠበው አፈር ደግሞ ጎርፍ የሚገቱትን ረግረጎች ይሞላል።

ታሪክ አንድ የሚያስገርም ግጥጥሞሽ መዝግቧል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከፋንና ያዩን በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ሲመዘግብ፣ በዚያው ዓመት የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በያዩ በከሰል ላይ የተመሠረተ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀመረ፤ ከብዙ መጓተት በኋላም ሳይጠናቀቅ ቆመ። ጥብቁ ደንና ከሰሉ በአንድ ወረዳ ጎን ለጎን መሆናቸው ግን አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በውጭ ምንዛሪ ያስገቡት የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ለመተካት የሚደረገው ጥረት በርትቷል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የከፋ ደንና የዳውሮና የኮንታ ከሰል በአንድ ክልል ሥር ሆኑ፤ ቦንጋም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች።

ጥንቃቄ የዘገየባቸው አገሮች የከፈሉት ዋጋ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1966 በዌልስ አበርፋን በተባለች መንደር፣ በምንጭ ላይ የተከመረ የከሰል ማዕድን ጥራጊ በውኃ ርሶ በመናዱ 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። አሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የገጽ ከሰል ማዕድን ሕግ፣ በደረቁ የምዕራብ ክፍሏ ያሉትን ደለላማ የሸለቆ ወለሎች ለይታ ጠበቀች። ቁፋሮው በእነዚህ ሸለቆዎች እርሻን እንዳያቋርጥ፣ የሚያጠጣቸውንም ውኃ በመጠንም ሆነ በጥራት እንዳይጎዳ ደነገገች። ባለፈቃዱም መሬቱን መልሶ ለማልማት አስቀድሞ ዋስትና እንዲያስይዝ አስገደደች።

የኢትዮጵያም ሕግ ባዶ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የልማት ሥራ የአካባቢን ደኅንነት እንዳያናጋ ያዛል። የ1992ቱ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላ አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም ይደነግጋል። የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ እንዲገመገም ያስገድዳል።

ይሁንና ሕግ ያለ ልኬት ዳኛ ያለ ምስክር ማለት ነው። ምንጩ ከቁፋሮው በፊት ምን ያህል ይፈልቅ እንደነበር፣ ውኃው ምን ያህል አሲድና ብረት ይዞ እንደነበር ካልተመዘገበ፣ ምንጩ በደረቀ ጊዜ ገበሬው በምን ማስረጃ ይከሳል? ባለሙያው ፈቃድ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ቢያንስ የአንድ በጋና የአንድ ክረምት ልኬት በእጁ ሊኖረው ይገባል። የጥራጊ ክምሩም ከምንጭና ከረግረግ የራቀ መሆኑን አረጋግጦ መፈረም የእሱ ፈንታ ነው። በኮቦ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ደን ጠባቂ እንደነበረው ሁሉ፣ ዛሬም ለእያንዳንዱ ሸለቆ ውኃ ተጠያቂ ሊኖረው ያስፈልጋል።