ፔሮሉ የት ላይ ቆመ?

እስቲ አንዲት ትንሽ ስሌት አብረን እንሥራ። ጊዜው 1997 ዓ.ም.፣ ቦታው ጋይንት ወይም ስማዳ ነው እንበል። አምስት ሰው ያለበት አንድ ቤተሰብ በዚያው ዓመት በተጀመረው የልማታዊ ሴፍትኔት ፕሮግራም ታቅፏል። ደንቡ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ የቀን ክፍያው 6 ብር ነው። 5 ሲባዛ በ5፣ ሲባዛ በ6፣ በወር 150 ብር። በቃ፣ አለቀ! ታዲያ እንዲህ የቀለለ ሂሳብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለምን ይዘገይ ነበር?

ብሩን ከኋላ ተከተሉት። ሰዎቹ እርከን ሲሠሩ ውለው ስማቸው ቀበሌ ላይ ይመዘገባል። መዝገቡ ወደ ወረዳው ከተማ ይጓዛል፤ ለላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ፣ ለታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ለስማዳ ወገዳ ማለት ነው። እዚያ ይጣራል፣ ፔሮል ይዘጋጃል፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ያጸድቃል፣ ገንዘብ ያዡ ብሩን ይዞ ወደ ክፍያ ቦታው ይሄዳል። ተከፋዩ ይፈርማል ወይም በጣቱ ያትማል። ማባዛቱ ከእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች አንዷ ብቻ ናት።

በኋላ ለወረዳዎች ፓስ የተባለ የፔሮልና የአቴንዳንስ ሶፍትዌር መጣ። ሂሳቡን አፋጠነ፣ ስህተትም ቀነሰ። ግን ከቆላ ቀበሌ ሽቅብ የሚመጣውን ወረቀት ኮምፒውተሩ ሊያፋጥነው አይችልም። ወረቀቱ ካልደረሰ ፓስም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

የድርጅት ሶፍትዌር ሠሪዎች ይህንን ችግር በደንብ ያውቁታል። ሳፕ የተባለው ኩባንያ በ1972 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ከተመሠረተ ጀምሮ ዋናው ሥራ የአንድን መሥሪያ ቤት ሂደት በደረጃ መከፋፈል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለዩ። ሂደት ረጅም ነው፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ትራንዛክሽን ግን አጭር ነው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ ጭራሽ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል። ጂም ግሬይ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ይህን ሐሳብ በ1981 እ.ኤ.አ. ሲያብራራ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሥራዎች ለትራንዛክሽን እንደማይመቹም ጠቁሟል።

በእኛ ታሪክ ትራንዛክሽኑ የቱ ነው? ብር መስጠትና ማስፈረም። ፊርማው ኖሮ ብሩ ከሌለ መዝገቡ «ተከፍሏል» ይላል፣ ቤት ውስጥ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ሁለቱ አይነጣጠሉም። ከአቴንዳንስ እስከ ክፍያ ያለው ሰንሰለት ግን መከፋፈል አለበት፤ እያንዳንዱ ደረጃም ወረቀቱ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ አሁን ማን ጋ ነው የሚሉትን መመዝገብ ይኖርበታል። ያለዚያ ፔሮሉ የት እንደቆመ ማንም አያውቅም።

መዘግየቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። 6 ብሩ የታሰበው 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ነበር። የእህል ዋጋ ሲንር በ2000 ዓ.ም. ክፍያው ወደ 8 ብር፣ ቀጥሎም ወደ 10 ብር ከፍ አለ። እህል በየሳምንቱ በሚወደድበት ክረምት፣ ዘግይቶ የደረሰ 150 ብር ቁጥሩ ያው ቢሆንም የሚሞላው ቁና ያንሳል።

እናንተም አንድ ቀን የክፍያ ሶፍትዌር ለመሥራት ስትቀመጡ፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀቱን ከቀበሌ እስከ ገንዘብ ያዡ ተከትላችሁ፣ ብዙ ቀን የሚያድርበትን ጠረጴዛ ፈልጉ።